አልበቅል ስለሚል የጓሮ ቅመም ዘር

በየወረዳው በእርሻ ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንትና ሠራተኞች ሆይ፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ታናሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። የስንዴና የጤፍ ዘር፣ የቡና ችግኝ፣ የከብት በሽታ እያለ ስለ ፐርሰሜሎና ስለ በሶብላ ዘር ወረቀት መፍጀት ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። እኔም አስቀድሞ ከእነዚያ ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን የለወጠው በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰ አንድ የአቤቱታ ደብዳቤ ነውና ከዚያው እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ወረዳ ለባለ ጓሮ ሴቶች የአትክልትና የቅመም ዘር ታድሎ ነበር። ዘሩ በትንንሽ ከረጢት ተከፍሎ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ «ዘርታችሁ ውሃ አጠጡ፤ በ7 ቀን ይበቅላል» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ይህን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ። የጐመንንና የሰላጣን ዘር ልማድ ስለማውቅ፥ ለሌላውም ሁሉ ያንኑ ገለበጥሁት። ጊዜውም ጠባብ ነበርና ከረጢቱን ለማተም ይቸኵሉ ነበር፤ ዳሩ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

ደብዳቤውን ያጻፈችው ባል የሞተባት የልጆች እናት ናት። የሽንኵርቷን መደብ ለፐርሰሜሎው ለቃለት ነበር፤ ቅጠሉን ከተማ ላሉ ምግብ ቤቶች ሸጣ ለልጆቿ ደብተር መግዣ ልታደርገው አስባ ነበርና። 7 ቀን ጠበቀች፤ ምንም አልታየም። 12 ቀን ጠበቀች፤ አሁንም ምንም አልታየም። በ13ኛው ቀን መደቡን ገለበጠችው። ሽንኵርቱን ልትመልስ ብትል ደግሞ የችግኙ ጊዜ አልፏል። በደብዳቤው መጨረሻ «ዘራችሁ የሞተ ነው፤ ዳግመኛ ብታመጡልኝ ለዶሮዎቼ እሰጠዋለሁ» የሚል ነበረበት።

ከዚያ ዕደላ የተረፈ አንድ ከረጢት በመዝገብ ሣጥን ውስጥ ነበርና 20 ፍሬ ቈጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በሳሕን ላይ አኖርሁት። በየማለዳው እየገለጥሁ አየው ነበር። እስከ 16ኛው ቀን ድረስ እንዳለ ነበረ። በ17ኛው ቀን ከአንዱ ፍሬ ነጭ ሥር ብቅ አለ። በ26ኛው ቀን 13ቱ በቅለው ነበር። ዘሩ ደኅና ነበር፤ ስሕተቱ ያለው በከረጢቱ ጽሑፍ ላይ ነው። ያች ሴት መደቧን የገለበጠችው ሥሩ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከመጻሕፍትም ከገበሬም ከገዛ ጓሮዬም ስጠይቅ ቈይቻለሁ።

ፐርሰሜሎ፣ ድንብላል፣ እንስላል፣ ነጭ አዝሙድና ካሮት የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው። አበባቸው እንደ ተዘረጋ ጥላ ስለ ሆነ ሁሉም ሰው በቀላሉ ያውቃቸዋል። የዚህ ወገን ዘር ከእናቱ ሲለይ በውስጡ ያለው ሽል ገና ያልጠና ነው። ባቄላ ዘፍዝፈን ብንከፍል ሽሉ ከሁለቱ ክክ ጋራ ቅርፊቱን ሞልቶ እናገኘዋለን፤ ስለዚህ ውሃ እንዳገኘ ለመውጣት ዝግጁ ነው። የፐርሰሜሎ ሽል ግን በብዙ ስንቅ መካከል የተቀመጠች እጅግ ታናሽ ነገር ናት። ውሃ ካገኘች በኋላ አስቀድማ እዚያው በቅርፊቱ ውስጥ ማደግ አለባት፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥሯን የምታወጣው። እኛ ከላይ ሆነን ዘሩ ተኛ ስንል እርሱ በውስጥ ሥራ ላይ ነው። ሦስትና አራት ሳምንት የሚፈጅበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለው። የእነዚህ ዘሮች ቅርፊት በዘይትና በልዩ ልዩ መራራ ንጥረ ነገር የተሞላ ነው፤ ጥሩ መዓዛ የሚሰጣቸው ዘይቱ ነው። ከዚህ ውስጥ ኩማሪን ከሚባለው ወገን የሆነው ብቅለትን ያዘገያል። ይህም በተፈጥሮ ያለ ጥበብ ነው። ያለ ወቅቱ የጣለ ጥቂት ካፊያ ዘሩን አታልሎ እንዳያወጣው፥ ቅርፊቱን አጥቦ የሚያጠራ ብዙ ዝናም እስኪመጣ ድረስ ይይዘዋል። እኛም ዝናሙን በሳሕን ልናደርግለት እንችላለን። ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፥ ውሃውንም ሁለት ሦስት ጊዜ መለወጥ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ሙቅ ውሃ ግን ሽሉን ይገድለዋልና በእጅ ተነክቶ የማያቃጥል ይሁን። ከአንድ ቀን በላይ የዘፈዘፉት እንደ ሆነም አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ከተዘፈዘፈ በኋላ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ በጨርቅ ላይ ጥቂት አናፍሶ ከደረቅ አሸዋ ጋራ ቀላቅሎ መዝራት ይመቻል። ጥልቀቱ ከ1 ሳንቲሜትር አይብለጥ። አፈሩን በመዳፍ ጫን ጫን ማድረግና በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል። ጆንያው የሚያገለግለው ፀሐይ የላይኛውን አፈር እንዳያደርቀው ነው፤ ምክንያቱም ሽሉ ማደግ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን የደረቀ እንደ ሆነ ይሞታልና። ከ14ኛው ቀን ጀምሮ ጆንያውን በየማለዳው ገልጦ ማየት፥ የመጀመሪያው ቡቃያ ሲታይም ወደ ማታ ማንሣት ነው። በቀትር ያነሡት እንደ ሆነ ጨለማ የለመደው ቡቃያ በፀሐይ ይጠወልጋል።

አንድ ታናሽ ብልኀትም ልጨምር። ከፐርሰሜሎው መስመር ጋራ ጥቂት የጐመን ዘር አራርቆ ቢዘሩበት ጐመኑ በሳምንት ወጥቶ መስመሩ የት እንደ ሆነ ያሳያል። ስለዚህ አራሚው በመስመሮቹ መካከል ያለውን አረም ያለ ፍርሃት ይነቅላል። ብዙ ፐርሰሜሎ የሚጠፋው ገና ጫፉ ሳይታይ በአራሚ እጅ ነው።

ድንብላል ከዚህ ይፈጥናል። ዳሩ ግን ክብ ሆኖ የምናየው ፍሬ አንድ ዘር አይደለም፤ ሁለት ዘሮች ፊት ለፊት ተጣብቀው በአንድ ቅርፊት የተዘጉ ናቸው። በሰሌዳ ላይ አፍስሶ በሌላ ሰሌዳ ቀስ ብሎ በማሸት ሁለት መክፈል ውሃ በቶሎ እንዲገባ ያደርጋል። ቀስ ብሎ ማለቴን ልብ በሉ። በሙቀጫ የወቀጠው ሰው ለወጥ እንጂ ለመደብ አያዘጋጅም። በትንቢተ ኢሳይያስ 28ኛ ምዕራፍ አዝሙድና ከሙን በበትር እንጂ በከባድ መሣሪያ እንደማይወቃ የተነገረው ለሌላ ምሳሌ ነው፤ ሆኖም ምሳሌው የተወሰደው ከእውነተኛ ገበሬ ሥራ ነው። በበሬ ኮቴ የተበራየ የቅመም ዘር ግማሹ የተሰነጠቀ ሆኖ ይገኛልና ለዘር የሚሆነውን ለብቻው በበትር መውቃት ይገባል።

ከገበያ ለወጥ የተገዛ ድንብላል ይበቅላልን ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ያልታመሰና ያላረጀ እንደ ሆነ ይበቅላል፤ እሳት የነካው ግን አይበቅልም። በዓይን መለየት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በጨርቅ መፈተን ነው። ሌሊቱን የተዘፈዘፈው ድንብላል ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ጥልቀት ከተዘራ በሁለትና በሦስት ሳምንት መካከል ይወጣል።

የአርስጣጣሊስ ተማሪ የነበረው የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ በዘመኑ ሰዎች ከሙን በሚዘሩበት ጊዜ መራገም ያበዛዋል ብለው ያምኑ እንደ ነበር ያነሣል። እኔ ፐርሰሜሎ በዘራሁ በ20ኛው ቀን በልቤ ያልሁትን ለማንም አልናገርም፤ ግን የበቀለው በዚያ ምክንያት አይመስለኝም።

የበሶብላ ጠባይ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው። የእርሱ ሽል የጠና ነው፤ እምቢ የሚለው ለብርድ ነው። የአፈሩ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ጊዜ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይሻግታል። በደጋ አገር በሐምሌና በነሐሴ ዝናም ሳለ በሶብላ የሚዘራ ሰው ውሃ አላነሰውም፤ ያነሰው ሙቀት ነው። ስለዚህ ለደጋ በሚያዝያና በግንቦት ውሃ እያጠጡ መዝራት ይሻላል፤ ወይም በተሰበረ ገንቦ አፈር ሞልቶ ከማድ ቤት ግድግዳ አጠገብ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል አብቅሎ በኋላ ወደ መደብ ማዛወር ነው።

የበሶብላ ዘር ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ዝልግልግ ልብስ ይለብሳል። ይህ ልብስ ውሃን ይይዝለታል፤ ዘሩንም ከአፈር ጋራ ያጣብቀዋል። ስለዚህ እንደ ፐርሰሜሎ ዘፍዝፎ መዝራት ለእርሱ አይስማማም፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጓል ይሆናል። ደረቁን በእርጥብ መደብ ላይ በትኖ እጅግ ስስ አፈር ማልበስ ይበቃዋል። ውሃውም በቅጠል እየተረጨ ይሁን፤ ከማሰሮ የፈሰሰ እንደ ሆነ ዘሩን ሁሉ ጠርጎ ከመደቡ ዳር ያከማቸዋል። ይህን ያየሁት በገዛ ጓሮዬ ነው፤ መካከሉ ባዶ ሆኖ በዳርና በዳር እንደ ጥርስ የተሰደረ በሶብላ አብቅያለሁ።

ጦስኝ ብርሃን ይሻል። ዘሩ እንደ ትቢያ ደቃቅ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ስንቅ ጥቂት ነው፤ በጥልቅ የተቀበረ እንደ ሆነ ወደ ላይ ሳይደርስ ስንቁ ያልቃል። እንደዚህ ያሉ ደቃቅ ዘሮች ብርሃን ካላዩ እንዳይነሡ ሆነው ተሠርተዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 በአሜሪካ ቤልትስቪል በሚባለው የእርሻ ምርምር ስፍራ ሊቃውንት የሰላጣን ዘር ቀይ ብርሃን ሲያሳዩት እንደሚነሣ፥ ከቀይ በላይ የሆነውን ብርሃን ሲያሳዩት ተመልሶ እንደሚተኛ አረጋግጠዋል። ለእኛ ከዚህ የሚጠቅመን ይህ ብቻ ነው፤ የጦስኝን ዘር በላይ በላዩ በትኖ በመዳፍ መጫን እንጂ አፈር ማልበስ አይገባም። ጥቁር አዝሙድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እርሱ ጨለማ ይመርጣልና በሚገባ ይሸፈን።

ስለ ጤና አዳምና ስለ ኮሰረት ብዙ አልናገርም። ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ ግን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቈርጦ በጥላ ሥር መትከል የሚቻል ሲሆን በዘር መድከም ለምን ያስፈልጋል? የሥጋ መጥበሻ ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ የዘሩ ብቅለት ጥቂትና ዘገምተኛ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደ ተጨነቅሁበት ወደ ኮረሪማ እመለሳለሁ። ይህ ተክል የአገራችን የራሱ ነው። በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በጋሞና በጎፋ አገሮች በደን ጥላ ሥር ይገኛል፤ ፍሬውን የሚያወጣው ከግንዱ ሥር ከመሬት አጠገብ ነው፤ ሲበስልም ቀይ ይሆናል። ጫካው ሲመነጠር ጥላው ይጠፋል፤ ጥላው ሲጠፋ ኮረሪማው ይሄዳል። ስለዚህ በጓሮ፥ በቡናና በእንሰት ጥላ ሥር ሊያበቅሉት የሚሹ ሰዎች ዘር ይጠይቁናል፤ ብዙዎቹም ከገበያ የገዙትን ደረቅ ፍሬ ፈልፍለው ይዘራሉ። ይህ በአብዛኛው ከንቱ ድካም ነው። በገበያ ያለው ፍሬ በፀሐይ ወይም ከምድጃ በላይ በጢስና በሙቀት እንዲደርቅ የተደረገ ነው፤ ለወጥ መልካም ሆኖ ሳለ ሽሉ ግን መድረቅን አይችልምና ሞቶ ይገኛል። የጤፍ ዘር በደረቀ መጠን ዕድሜው ይረዝማል፤ የኮረሪማ ዘር በደረቀ መጠን ዕድሜው ያጥራል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው በጥንቃቄ አድርቆ በጥንቃቄ ይገድለዋል።

ለዘር የሚሆነው በዛፉ ሥር ሳለ ቀልቶ የበሰለ፥ ያልተበሳ ፍሬ ነው። ፍሬው ሲከፈት ዘሮቹ በነጭ ሥጋ ተሸፍነው ይገኛሉ። ያ ሥጋ ብቅለትን ከሚከለክሉት አንዱ ነውና እስኪለቅ ድረስ በውሃ ውስጥ ከአሸዋና ከጥቂት አመድ ጋራ በእጅ ማሸት ያስፈልጋል። አሸዋው ሁለት ጥቅም አለው፤ ሥጋውን ይገፋል፥ ጠንካራውንም ቅርፊት በመጠኑ ይፍቀዋል። ከታጠበ በኋላ በውሃ ላይ የተንሳፈፈውን ጥሎ የሰጠመውን ማስቀረት፥ ያንኑ ዕለት ወይም በማግሥቱ በጥላ ሥር በተዘጋጀ፥ ብስባሽ ቅጠል በበዛበት መደብ ላይ 1 ሳንቲሜትር ያህል አልብሶ መዝራት ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚላክ እንደ ሆነ በእርጥብ ሰጋቱራ ወይም በእርጥብ የእንጨት ብስባሽ ውስጥ ተጠቅልሎ ይላክ እንጂ በወረቀት ከረጢት አይላክ። ከአንድ ወር በፊት ምንም አይጠበቅ፤ ሁለትና ሦስት ወር የሚቈይም አለ፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ከሳምንታት በኋላ ይከተላል።

በዚህ ምክንያት የአገሩ ገበሬዎች ከዘር ይልቅ ቡቃያ ያለበትን የምድር ውስጥ ግንድ ቈርጠው መትከል ይመርጣሉ። በቶሎ ለማፍራት የሚሻል እርሱ ነው። ዳሩ ግን በግንድ የተተከለው ሁሉ የአንድ እናት ግልባጭ ነው፤ በሽታ የመጣ እንደ ሆነ አንዱን የገደለው ሁሉንም ይገድላል። ልዩ ልዩ ጠባይ ያለው ኮረሪማ እንዲኖረን ከዘር የሚያበቅል ሰው በየወረዳው መገኘት አለበት ብዬ አምናለሁ። የዘር ሀብታችንን ለመጠበቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ማዕከል ተቋቍሟል፤ አሁን የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው እርሱ ነው። ነገር ግን መድረቅን የማይችል ዘር በቀዝቃዛ ጎተራ ውስጥ እንደ ስንዴ ሊቀመጥ አይችልምና ጎተራው ሕያው ጓሮ መሆን ይኖርበታል።

ጢስን ካነሣሁ አይቀር ሌላም ነገር ልንገራችሁ። የአገራችን ባለ ቤቶች ዘር ከምድጃ በላይ መስቀል ልማዳቸው ነው፤ እኛ ጽሕፈት የተማርን ይህን ለነቀዝ መከላከያ ብቻ አድርገን እናየው ነበር። በ1990 (እንደ አውሮፓ) በደቡብ አፍሪካ ሁለት ተመራማሪዎች በሜዳ ቃጠሎ አገር የሚበቅል የአንድ ቍጥቋጦ ዘር በጢስ እንደሚነሣ አስታወቁ። በ2004 ደግሞ በአውስትራልያ ከጢስ ውስጥ ዘርን የሚያነሣው ንጥረ ነገር ተለይቶ ታወቀ። ይህ ለሁሉ ዘር አይሠራም፤ አንዳንዱን ያነሣል፥ አንዳንዱን አይነካውም። የሚሠራውም ጢሱ እንጂ እሳቱ አይደለም። በገመድ ርቆ የተሰቀለና እሳት እስኪሰማው የቀረበ አንድ አይደሉም፤ እናቶቻችን ግን ይህን ልክ በእጃቸው ያውቁታል።

ኮረሪማን የመሳሰሉትን ትተን ለሌሎቹ የማኖሪያው ነገር ቀላል ነው። የዘሩ እርጥበት ከመቶ 1 እጅ በቀነሰ ቍጥር፥ እንዲሁም የማኖሪያው ሙቀት 5 ዲግሪ በቀነሰ ቍጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል የሚል የታወቀ መለኪያ አለ፤ በግምት የሚሠራ ነው። ስለዚህ አፉ በተደፈነ ቅል ውስጥ ደረቅ አመድ ከታች አድርጎ፥ በላዩ ዘሩን በጨርቅ ቋጥሮ በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ነው። የፐርሰሜሎ ዘር እንዲህም ሆኖ ከሁለት ዓመት በኋላ አይታመንም። በመኪና ውስጥ፥ በቆርቆሮ ቤት ጣራ ሥር የሰነበተ ዘር ከሆነማ ወሩ ራሱ ብዙ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር የእናንተ የሹማምንቱ ነው። ወደ እኛ በሚመጣው ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ዘር ታደለ» የሚል ዓምድ አለ፤ «ይህን ያህል በቀለ» የሚል ዓምድ ግን አላየሁም። ዕደላው ከመደረጉ አንድ ወር በፊት ከእያንዳንዱ ጆንያ 50 ወይም 100 ፍሬ ተቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ቢፈተን፥ ከመቶው ስንቱ በስንተኛው ቀን እንደ በቀለ ይታወቃል። ይህ ሥራ ሳሕን፣ ጨርቅና በየማለዳው የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ይሻል፤ ጓድ ጸሓፊዎቼ ሊሠሩት ይችላሉ። ግማሹ ብቻ የሚበቅል ዘር እንኳ ቢሆን ለባለ ጓሮዋ አስቀድሞ ከተነገራት እጥፍ አድርጋ ትዘራለች። የማይነገራት እንደ ሆነ ግን የምታጣው ዘሩን ብቻ አይደለም፤ መደቧን፥ ወቅቷንና በእኛ ላይ ያላትን እምነት ጭምር ነው። ደግሞም በሶብላን በነሐሴ ለደጋ ማደል ይቅር፤ ዘሩ በሰኔ መጨረሻ ስለ ደረሰን ነው ማለት ለዘሩ ምክንያት አይሆንለትም።

ለዚያች ሴት የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የከረጢቱን ቃል የጻፍሁት እኔ መሆኔንም አልደበቅሁም። ከደብዳቤው ጋራ የተፈተነ የፐርሰሜሎ ዘር ላክሁላት፤ ስለ መዘፍዘፉ፥ ስለ ጆንያውና ስለ ጐመኑ ምልክት ዘርዝሬ ነገርኋት። መልሷ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቃሏን ላለማጠፍ ግማሹን ለዶሮዎቿ እንደ ሰጠች፥ የቀረውን ግማሽ ግን በአንድ ጠባብ መደብ እንደ ዘራችው፥ በ23ኛው ቀን ብቅ ማለቱን አስታውቃለች። ደግሞም ጆንያውን በማታ አንሡ ማለቴ ትክክል መሆኑን፥ ነገር ግን ከበላዩ እሾህ ካልተደረገበት ድመት ለመኝታ እንደምትወደው መጻፌን እንደ ረሳሁ ነግራኛለች። በአዲሱ የፐርሰሜሎ ከረጢት ላይ «በ7 ቀን» የሚለው ተሰርዞ «ከ20 እስከ 30 ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያ መደቡን አትገልብጡ፤ ጆንያውን በእሾህ ከድመት ጠብቁ» ተብሎ ታትሟል።